አቀበት የሚወጣ መኪና ስትመርጡ ከፈረስ ጉልበቱ ሌላ ቶርኩንም አንብቡ

ከጅማ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወደ ወልቂጤ የሚወስደውን አቀበት መውጣት ስላለበት፣ ገዢው የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ባይወስን መልካም ነው። ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚያዞርበት ኃይል ሲሆን፣ የፈረስ ጉልበት ግን ያ ኃይል ሥራውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይለካል።

በኒውተን ሜትር የተጻፈውን ቶርክ በሚገኝበት የሞተር ዙር አባዝታችሁ ለ7,000 ስታካፍሉ፣ በዚያ ዙር ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት በግምት ታገኛላችሁ። በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ 400 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ባለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) የናፍጣ ሞተር በዚያው ዙር 114 ያህል የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ከፍተኛ ቶርኩ 200 የሆነ የቤንዚን ሞተር ግን በ2,000 ዙር ከ57 አያልፍም። ሁለቱም በወረቀት ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ተብለው ሊጻፉ መቻላቸው ነው ብዙ ገዢ የሚያሳስተው።

በመንዳት ጊዜም ይኸው ይሠራል፦ የዙር መቁጠሪያው ከፍተኛው ቶርክ ከሚገኝበት በታች ከመውረዱ አስቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ፤ ዝቅተኛው ማርሽ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ቶርክ ያበዛዋልና። ቱርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ከስሌቱ ይህን ቀንሱ። ስሌቱ የመኪናውን የመጫን አቅም አይነግርም፤ ለዚያ አምራቹ የወሰነውን ክብደት ብቻ ተከተሉ።