በደጋን ጀርባ ላይ ቀለም እንዳይሰራጭ

በእጅ በተሠራ የእንጨት ደጋን ጀርባ ላይ፣ ማለትም ወደ ዒላማው በሚዞረው ገጽ፣ ጌጥ ስትስሉ ቀለሙ የእንጨቱን ክር ተከትሎ እየተሰራጨ አስቸግሯችኋል? መጀመሪያ በአልኮል የቀጠነ ሼላክ (እንጨት የሚቀባበት፣ ሲደርቅ የሚያብረቀርቅ ሙጫ) አንድ እጅ ቀቡት፤ ሲደርቅ በውሃ በሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ሳሉ። የደረቀ ሼላክ ውሃ ቶሎ ስለማያስገባ መስመሩ ጥርት ብሎ ይቀራል። እጅ ቢስትም ቀለሙ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል (እኔ አንዲት እባብ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ስያለሁ)። ከዚያ በላዩ ሌላ ስስ ሼላክ ይበቃል።

በማይለቅ ማርከር ግን አትሳሉ፤ አብዛኛው በአልኮል ስለሚሟሟ የመጨረሻው ሼላክ ሲያልፍበት ይጨማለቃል። በቢላ መቅረጽማ ፈጽሞ አይሞከርም! ደጋኑ ሲሳብ የሚወጠረው ጀርባው ነው፤ የተቆረጠ ክር የስብራት መነሻ ይሆናል።