«አይ 7 ነው ብለውኝ ገዛሁት»፦ የከባድ ሥራ ላፕቶፕ የፕሮሰሰርና የስክሪን ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ በብዛት መሐንዲሶች፣ አርክቴክቶችና የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች ናቸው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ይመጣሉ፤ ከሐይቅ፣ አንዳንዴም ከወልዲያ። ማሽኑን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ «ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼበት ለምንድነው የማይሠራልኝ?»

ከፍቼ ሳየው ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለውም። ስህተቱ የተሠራው ሲገዛ ነው። ፕሮሰሰሩና (የማሽኑ አንጎል፣ ሲፒዩ የሚባለውም እሱ ነው) ስክሪኑ ከሰውዬው ሥራ ጋር አልተገናኙም። ይሄ ያሳዝነኛል። ራም (ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ብዙ ጊዜ ይጨመራል፣ ዲስክ ይቀየራል። ፕሮሰሰር ግን በአሁኖቹ ላፕቶፖች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ አንዴ ከገዛችሁት አብራችሁት ትኖራላችሁ። ስለዚህ ላፕቶፕ ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ምልክቶቹን እዩልኝ።

ምልክት፦ «አይ 7 ነው፣ ግን ሬቪት ስታክ ያደርግብኛል»

በጣም የምሰማው ይሄን ነው። ሬቪት እንደ አውቶካድ የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ስታክ ማድረግ ደግሞ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ መቆም። ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ ሙሉ ስሙን አንብቡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን ስትነኩ ስሙ በስተቀኝ ከላይ ይታያል፣ የኮሮቹ (ሥራውን የሚካፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብዛት ከታች።

«ኮር አይ 7» የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የቤተሰብ ስም ነው። ጉልበቱን የምትናገረው ከቁጥሩ ኋላ ያለችው ፊደል ናት። አይ 7-7600ዩ የሚባለው 2 ኮር ብቻ ነው ያለው። አይ 7-9850ኤች ደግሞ 6 ኮር አለው። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ «አይ 7» ተብለው ይቀመጣሉ። ዩ ማለት በ15 ዋት አካባቢ እንዲሠራ የታሰበ፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ ለቢሮ ጽሑፍና ለኢንተርኔት የሚሆን ነው። ኤች መነሻው 45 ዋት ነው። ኤችኤክስ መነሻው 55 ዋት ነው፤ ወፍራሞቹ ወርክስቴሽኖች (ለከባድ ሥራ የተሠሩ ማሽኖች) ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ኮር አልትራ በሚባሉት አዳዲሶቹ ላይም ዩና ኤች የሚሉት ፊደሎች ቀጥለዋል። የኢንቴል ተፎካካሪ በሆነው በኤኤምዲ ራይዘን ላይም ዩ ለቁጠባ፣ ኤች ለጉልበት ነው።

ግን ኮር መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለተኛ ስህተት ይሠራል። ሬቪትና አውቶካድ ላይ ስትስሉ ሥራው በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ነው የሚያርፈው። ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ሬንደር ስታደርጉ (ሥራችሁን ወደ ምስል ወይም ቪዲዮ ስትቀይሩ)፣ ወይም ኢታብስ በሚባለው የሕንፃ ጥንካሬ ማስያ ላይ ትልቅ ሕንፃ ስታሰሉ ግን ብዙ ኮር ይሠራል። ስለዚህ ማሽኑ ስታክ ባደረገበት ሰዓት ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ቁጥሩን እዩ።

ፕሮሰሰሩ 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ያለው ሆኖ 12 ወይም 13 በመቶ አካባቢ ላይ ከቆመ አንድ ኮር ብቻ ነው እየለፋ ያለው። ብዙ ኮር ያለው ብትገዙም ያው ነው። የምትፈልጉት አዲስ ትውልድ ሆኖ ከፍተኛ የቱርቦ ፍጥነት (ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጣሪያ) ያለው ነው፤ የጊጋኸርዙን ቁጥር ጠይቁ። 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ግን ኮር ነው የጎደላችሁ። ፕሮሰሰሩ ተኝቶ ራሙ 90 በመቶ ካለፈ ደግሞ አብሽሩ፤ ችግራችሁ ርካሽ ነው። ራም ጨምሩ፤ አንድ ትልቅ ከማስገባት ሁለት እኩል ራም ጎን ለጎን ይሻላል፣ መረጃ በሁለት መስመር ይሄዳልና።

ልክ እንደዚህ አንድ የሳይት መሐንዲስ ማሽኑን ሸጦ ሌላ ሊገዛ መጥቶ ራም ጨምሮ ተመልሷል። እሱ የተረፈው ቁጥሩን ስላየ ነው።

ምልክት፦ «ሲከፈት እሳት ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይደክማል»

ይሄ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ዋት በላይ ይስባል፣ ያኔ ይፈጥናል። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤችዋኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ሥራ ላይ እያለ ሙቀቱንና ፍጥነቱን አብራችሁ ተከታተሉ። ሙቀቱ ሲወጣ ፍጥነቱ ከወረደ ጥፋቱ ተገኘ።

የኛ አገር ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ ሙቀት የሚያስወጣው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር ይዞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ማሽኑ ሌላ አገር ተሞክሮ «አይግልም» ቢባል እዚህ ይበልጥ ሊግል ይችላል። የደሴ ብርድ በእርግጥ ይክሰናል። ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፣ አየሩ ይወፍራል፤ ግን ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱም ከተማ ላይ የማቀዝቀዣው ነገር ቸል አይባልም።

መፍትሄው ከቀላሉ ይጀምራል። ከኋላ በኩል በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉት፣ አየር ከታች ይግባ። አልጋ ላይና ብርድ ልብስ ላይ አትሥሩ። ሲሚንቶና አሸዋ ያለበት ቦታ የሚውል ማሽን በዓመት ሁለቴ ተከፍቶ ይጠረግ። ሦስት ዓመት ያለፈው ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል፤ ይቀየር። ይሄን ብቻ አድርጌ ሬንደሩ በግማሽ ሰዓት ያጠረለት ሰው አለ።

ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ምክሬ ግልጽ ነው። አይ 9 ያለው ቀጭን ላፕቶፕና አይ 7 ኤች ያለው ወፍራም ላፕቶፕ እኩል ዋጋ ከቀረቡላችሁ ወፍራሙን ውሰዱ። ረጅም ሥራ ላይ የሚያሸንፈው ማቀዝቀዣው ነው። ሻጩን ፈቃድ ጠይቁና ሲኒቤንች የሚባለውን መሞከሪያ 10 ደቂቃ አስሩጡት። የመጀመሪያው ደቂቃ ውጤት አያታልላችሁ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ፍጥነት ነው የእናንተ።

ምልክት፦ «ቻርጅ ላይ ሰክቼውም ይጎተታል»

ቻርጀሩን ገልብጡና ዋቱን አንብቡ። ትልልቆቹ ወርክስቴሽኖች 180፣ 200 ወይም 240 ዋት ይፈልጋሉ። ያገለገለ ማሽን ሲሸጥ ግን ብዙ ጊዜ ሶኬቱ የገጠመ የ65 ወይም የ90 ዋት ቻርጀር አብሮ ይሰጣል። ማሽኑ ኃይል ሲያጥረው፣ ወይም ቻርጀሩን መለየት ሲያቅተው፣ ፕሮሰሰሩን ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ድረስ ሊያወርደው ይችላል። ትክክለኛውን ዋት ግዙ፤ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ምልክት፦ «የሠራሁት ሰርግ እኔ ጋ ሌላ፣ ደንበኛው ስልክ ላይ ሌላ ነው»

ወደ ስክሪን መጣን። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች በዚህ ብዙ ይሰቃያሉ። የሙሽራዋ እጅ ላይ ያለው እንሶስላ እናንተ ጋ የደበዘዘ ይመስላል። ቀለሙን ከፍ ታደርጋላችሁ። ቪዲዮው ቤተሰቡ ስልክ ላይ ሲከፈት እጁ ቀይ እሳት፣ ፊቱ ሁሉ ብርቱካን ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱ የእናንተ ዓይን አይደለም፤ የስክሪኑ ነው።

ብዙ ላፕቶፕ ላይ የሚገጠመው ርካሽ ስክሪን «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ይባላል፤ ኤንቲኤስሲ የድሮ የቴሌቪዥን የቀለም መለኪያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከሚሠራበት ከኤስአርጂቢ የቀለም ክልል ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ደማቁን ቀይና አረንጓዴ ማሳየት ስለማይችል ደብዛዛ ያደርገዋል፣ እናንተም ለማካካስ ትጨምራላችሁ። «አይፒኤስ ነው» መባሉ ከዚህ አያድንም። አይፒኤስ ማለት ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይለወጥም ማለት ነው እንጂ ቀለሙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። ከኤስአርጂቢ የሰፋ፣ አዶቤ አርጂቢ ወይም ዲሲአይ-ፒ3 የሚሞላ ስክሪን ሳይስተካከል ከተሠራበት ሁሉም ነገር ደምቆ ይታያችኋል። ትቀንሳላችሁ። ያኔ ሌላ ሰው ጋ ሲከፈት የገረጣ ይሆናል። ለዚህ በሴቲንግ ውስጥ የኤስአርጂቢ ሁኔታ ካለ እሱን ምረጡ፤ በካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም መለኪያ መሣሪያ) ማስተካከል ከቻላችሁ ደግሞ የበለጠ ነው።

ስትገዙ «100 በመቶ ኤስአርጂቢ» የሚለውን ጠይቁ። ለሰርግና ለፎቶ ይሄ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ የምታደርጉት ሙከራ ይኸው፦ በደንብ የምታውቁትን አንድ የሰው ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከጥሩ ስልክ ጎን አድርጋችሁ ክፈቱት። ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ምልክት፦ «ሳይት ላይ ስክሪኑ መስታወት ይሆንብኛል»

የብርሃኑ መጠን በኒት ይለካል። 220 ወይም 250 ኒት ለቢሮ ነው። ሐርቡና ቆቦ ፀሐይ ላይ ፕላን የሚከፍት ሰው 400 እና ከዚያ በላይ ይፈልግ፣ ገጹም የማያንጸባርቅ ይሁን። የሚነካ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ያንጸባርቃል፤ ለሳይት አልመክረውም።

ምልክት፦ «4ኬ ገዛሁ፤ ጽሑፉ ጉንዳን አከለ»

4ኬ ከተለመደው ፉል ኤችዲ (1920 በ1080) አራት እጥፍ ነጥብ አለው። 15.6 ኢንች ላይ ሲታጨቅ የድሮ ፕሮግራሞች ምልክቶች ይጠባሉ፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ግራፊክስ ካርዱም ይለፋል። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ የዲፒአይ ማስተካከያውን «ሲስተም ኢንሃንስድ» አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ለአውቶካድና ለሬቪት 1920 በ1200 የሆነ ብሩህ ስክሪን ከደብዛዛ 4ኬ ይበልጥብኛል። ከ1080 በላይ ያለችው ያቺ ትርፍ ቁመት ለአውቶካድ የትእዛዝ መስመር ትሆናለች።

ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ደግሞ ቀለሙ ያምራል። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚቆም የመሣሪያ ረድፍ ለሚያይ ሰው፣ ረድፉ በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ጥላ ሊተው ይችላል። ለፊልም አቀናባሪ እሺ፤ አውቶካድ ላይ ለሚውል ሰው አይሆንም።

ምልክት፦ «ተመሳሳይ ሞዴል ገዛን፤ የጓደኛዬ ስክሪን ይበልጣል»

እውነት ነው፣ ይበልጣል። የዴል ፕሪሲዥን፣ የኤችፒ ዜድቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ ተከታታይ ላፕቶፖች አንዱ ሞዴል ከአንድ በላይ በሆነ የስክሪን ምርጫ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም አይለየውም። ኤችዋኢንፎ ሞኒተር በሚለው ሥር የስክሪኑን የፋብሪካ ቁጥር ያወጣላችኋል፤ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ኒቱና የቀለም ክልሉ ይገኛል። ይሄን ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት።

ከከፈላችሁ በኋላ ከሆነም ሙሉ በሙሉ አልመሸም። ስክሪን ከፕሮሰሰር በተለየ ይቀየራል። የፉል ኤችዲው ገመድ ብዙውን ጊዜ ባለ 30 ፒን (ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት መገናኛዎች) ነው፤ የ4ኬው ባለ 40። ስለዚህ በ4ኬ ልቀይር ብላችሁ አትነሱ፣ ገመዱ ራሱ ላይገጥም ይችላል። መጠኑና ፒኑ ተመሳሳይ የሆነ፣ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ ያለው ፉል ኤችዲ ፈልጉ። እኔ ጋ የሚመጣውን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው፤ ደንበኛው የድሮውን ስክሪን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ ዕቃው ሲደርስ እደውልለታለሁ።