ዳገቱ ሲከብድ፦ የእርጅና ምልክቶችና የሴል ውስጥ ጉርብትና

አጎቴ የሚኖሩት ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ድሮ ሳያርፉ የሚወጡትን የገበያ ዳገት ሦስት ቦታ ተቀምጠው ወጡት። «ምን ይደረግ ልጄ፣ እርጅና ነዋ» አሉኝ።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሴል ለተማሪዎቼ ብዙ አውርቻለሁ፤ ለአጎቴ ግን ምንም ብያቸው አላውቅም። ይህን የምጽፈው እንደ እሳቸው «እርጅና ነዋ» ብለው ዝም ለሚሉ ወላጆችና ለልጆቻቸው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ሰውነታችን የተገነባው ሴል ከሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ሴል ውስጥ ያሉት ክፍሎች፣ ትእዛዝ ሰጪው ኑክሊየሱም፣ ኃይል አምራቹ ማይቶኮንድሪያውም፣ አሮጌውን ፈጪው ላይሶሶሙም፣ ለየብቻ የሚኖሩ አይደሉም። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እሳቱ የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይጭር ነበር። እነሱም እንደዚያ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው እየጫረ ነው የሚኖረው። ስናረጅ የሚበላሸው እያንዳንዱ ቤት ብቻ አይደለም። ጉርብትናውም ይላላል።

ምልክት፦ ዳገት ያደክማል፣ ጉልበት ቶሎ ያልቃል

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የልብ ችግር፣ ሳንባ ነቀርሳ ሁሉም ያደክማሉ። አጎቴን ይዣቸው ስሄድ ደም ማነስ ተገኘባቸው፤ መነሻውም የአንጀት ትል ነበር። መድኃኒት ወሰዱ፣ ብዙ ተሻላቸው። «እርጅና ነዋ» ብለን ብንቀመጥ ኖሮ ትሉ ደማቸውን እየመጠጠ ይቀጥል ነበር።

ከታከሙ በኋላም ግን ዳገቱ እንደ ሠላሳ ዓመታቸው አልሆነላቸውም። ይኼኛው ነው የእርጅናው ድርሻ።

ምክንያቱ፦ ኃይል የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ ነው። አጠገቡ ካልሲየም የሚያጠራቅም ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል ጎረቤት አለው። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ መሀላቸው ያለው ክፍተት ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ብቻ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚያች ጠባብ አጥር ካልሲየም ይሻገራል። በልኩ ሲሻገር ማይቶኮንድሪያውን ያነቃዋል። ሲበዛ ግን ያፍነዋል፤ ሴሉን እስከ መግደልም ይደርሳል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ልክ ይዛባል።

ሌላም አለ። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ (የዘር መመሪያ) አለው፤ የሰው ማይቶኮንድሪያ 37 ጂኖች፣ ማለትም የመመሪያው ክፍሎች፣ ይዟል። ከእነዚህ ፕሮቲን የሚሠሩት 13ቱ ናቸው። የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ግን ከ1,000 በላይ ናቸው፤ የቀሩትን ትእዛዝ የሚሰጠው ኑክሊየሱ ነው። ሁለቱ ካልተግባቡ ማሽኑ የማይገጥሙ ዕቃዎች ይደርሱታል።

መፍትሄው፦ እንቅስቃሴ። ጡንቻ ሲሠራ ኃይል መጉደሉ ይታወቃል፤ መልእክቱ ኑክሊየሱ ድረስ ሄዶ አዲስ ማይቶኮንድሪያ እንዲሠራ ያደርጋል። ይህ በሽማግሌም ጡንቻ ላይ ይሠራል። ለእኔ ከሁሉም ይህ ይበልጥብኛል። የጎጃም ገበሬ መራመድ አያንሰውም። የሚያንሰው፣ ከእርሻ ሲያርፍ ጡንቻውን የሚያጠነክር ሥራ ነው።

ምልክት፦ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ

ይኼኛው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው የሚታየው። በልብና በነርቭ ሴሎች ውስጥ ሊፖፈሲን የሚባል ቡናማ ዝቃጭ ከዕድሜ ጋር ይጠራቀማል።

ምክንያቱ፦ ላይሶሶም የሴሉ ጨጓራ ነው። አሮጌውን የሚፈጨው ውስጡ አሲድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊጥ በሚያቦካው ባለ አንድ ሴል ሕያው፣ በእርሾ፣ ላይ የወጣ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳየ። እርሾ ሲያረጅ ገና በጠዋቱ የዚህ ጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ማይቶኮንድሪያው ይበላሻል። አሲዱ እንዳይቀንስ ሲደረግ እርሾው ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ። ዘግየት ብሎ ደግሞ መንገዱ ተገኘ፤ ጨጓራው መያዝ ያቃተው ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ውጭ ይከማችና ማይቶኮንድሪያው የሚፈልገውን ብረት ያሳጣዋል። የታመመው አንድ ቤት ነው፤ የወደቀው ጎረቤቱ ነው።

መፍትሄው፦ በምግብ መሀል ፋታ መስጠት። ላይሶሶሙ ላይ ኤምቶር የሚባል ፕሮቲን ይቀመጣል። ምግብ ሲበዛ «ገንቡ» ይላል፤ ጽዳቱ ይቀንሳል። ምግብ ሲጠፋ ዝም ይላል። ያኔ ቲኤፍኢቢ የሚባል መልእክተኛ ወደ ኑክሊየስ ሄዶ የጽዳት ጂኖችን ያስነሳል። ይህ ጽዳት ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በእርሾ ላይ አሠራሩን ስላወቁ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመዋል።

እኛ ሁዳዴን 55 ቀን የምንጾም ሰዎች ነን። ጾሙ የእግዚአብሔር ነው፤ በባዮሎጂ አልመዝነውም። ስለ ፋታው ግን ይህን እላለሁ። በአይጥ ላይ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው፣ በሰው ላይ ያለው ገና እንደዚያ አይደለም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ምግብ አይዝለል። የከሳ ሽማግሌም እንደዚሁ፤ እሱ ይልቅ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይጨመርለት።

ምልክት፦ «የሚያድስ ኪኒን» የሚል ማስታወቂያ

ይህ ምልክቱ ኪስ ላይ ነው። ሴሉ ኃይል ለማምረት የሚጠቀምበት ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ፣ ሲቀንስም ኑክሊየስና ማይቶኮንድሪያ መግባባት እንደሚያቅታቸው በአይጥ ታይቷል። የሚሸጠው ኪኒን የሰውን ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን አልተረጋገጠም። በዚያ ብር እንቁላል ይግዙ።

ከዳገቱ በተጨማሪ ደረት የሚያምዎት፣ ተኝተው ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም ሳይፈልጉ የሚከሱ ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ ምንም አይሞክሩ። ዛሬውኑ ይታዩ።

ለአጎቴ የነገርኳቸው ቀላል ነገር ነው። ጠዋትና ማታ ከመደቡ ላይ እጃቸውን ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ይላሉ። መጀመሪያ አራት ላይ ቆሙ። ለጥምቀት ስሄድ አሥሩን ጨርሰው፣ አክስቴን «አንቺም ነይ» እያሉ ሲጣሯት ደረስኩ።