ያገለገለ ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750 ግዢና አነዳድ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ስፖርት ሞተርሳይክል ለሚፈልግ ሰው 750ው ጥሩ ምርጫ ነው። እንደ ታናሹ ሞዴል እንደ 600ው ጉልበት ለማግኘት ሁልጊዜ ሞተሩን ማስጮህ አይጠይቅም፣ እንደ 1000ውም አይከብድም። ሆኖም ወደ 150 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከ2011 ሞዴል ወዲህ ያለው ደግሞ ነዳጅ ተሞልቶ 190 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ትራክሽን ኮንትሮልም (ነዳጅ ሲሰጥ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር) የለውም። ገና ሞተር መንዳት የሚጀምር ሰው ይህን አይግዛ፤ መጀመሪያ በ300 ወይም በ400 ሲሲ እጁን ያፍታታ።

ሻጩ ጋ ከመሄድዎ በፊት የሻሲውን ቁጥር ያስልኩ። አሥረኛው ፊደል ወይም አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ከታይትሉ (ከባለቤትነት ወረቀቱ) ጋር ካልገጠመ ነገሩን ይተዉት። ታይትሉ ሳልቬጅ፣ ማለትም በከባድ ጉዳት ምክንያት ኢንሹራንስ የጣለው፣ ከሆነ ዋጋው ቢያጓጓም ኢንሹራንስ ለማግኘትና መልሶ ለመሸጥ ይቸገራሉ። የኢንሹራንስ ዋጋም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለወጣት ነጂ በጣም ሊወደድ ይችላል።

በዚያው የሻሲ ቁጥር ሪኮል (አምራቹ ለነጻ ጥገና ያደረገው ጥሪ) መኖሩን ያጣሩ። ሱዙኪ በ2013 ከ2004 እስከ 2013 ያሉትን 600 እና 750 ሞዴሎች በፊት ፍሬን ዋና ፓምፕ ምክንያት ጠርቷቸው ነበር። የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ እርጥበት ይስባል፣ በፓምፑ ውስጥ ያለው ፒስተን ይበላል፣ የሚፈጠረው ጋዝም እዚያው ይታጎራል። ያኔ የፍሬን እጀታው እየላላ እስከ መያዣው ድረስ ይመጣል። ሥራው መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። እጀታውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ ፓምፑ ችግር አለበት።

ለማየት በቀን ይሂዱ፤ ሞተሩን እንዳያሞቅ ለሻጩ አስቀድመው ይንገሩት። ሲደርሱ በመጀመሪያ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ትኩስ ከሆነ ጠዋት በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀን ይመለሱ።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ወድቆ እንደሆነ ማወቅ ነው። የፕላስቲክ ሽፋን በርካሽ ስለሚቀየር እሱን አይመኑ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዙሩና መሪው የሚያርፍበትን ትንሽ የብረት ማቆሚያ በእጅ ባትሪ ይዩ። ቀለሙ ትንሽ መፋቁ የተለመደ ነው፤ ከተጨፈለቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም በሞረድ ተፍቆ ከተቀባ ግን ሞተርሳይክሉ በኃይል ተጋጭቷል። ሻሲው አሉሚኒየም ስለሆነ ከተጣመመ በኋላ እንደነበረ ማድረግ ከባድ ነው። እዚያው ላይ ይሰናበቱት። የመሪውን ጫፎች፣ የእግር መርገጫዎቹንና በሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ክዳኖችም ይመልከቱ፤ ቆሞ የወደቀ አንድ ቦታ ላይ ይጫራል፣ እየሄደ የተንሸራተተ ግን ረጅም ፍግፍግታ አለው።

የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርገው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩ። መሐል ላይ ገታ የሚያደርግዎት ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማውን ከመሬት እያነሱ የነዱበት ምልክት ነው። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናውና ሁለቱም ጥርሶች አብረው ይቀየራሉ። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፦ 3518 ማለት የ2018 35ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢሞላም እንዲህ የቆየ ጎማ ደርቋልና ከዋጋው ያስቀንሱ።

ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው ላይ ቮልቴጅ ይለኩ። በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ 14 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ13 በታች ከሆነ ባትሪውን የሚሞሉትን ክፍሎች፣ ሬክቲፋየሩን ወይም ስታተሩን፣ ይጠርጥሩ። ሲነዱት በሁለተኛ ማርሽ ጠንከር አድርገው ነዳጅ ይስጡት። ማርሹ በራሱ ከወጣ ሞተሩ ተከፍቶ ካልሆነ አይጠገንም፤ አይግዙት። ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር የተጠጋ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ምርመራ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ካልተሠራ ወጪው የእርስዎ ነው።

ከገዙ በኋላ፣ ሻጩ ምንም ቢልዎት፣ የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬኑንም ዘይት ይቀይሩ። የሞተሩ ዘይት 10ደብልዩ-40 ሆኖ ጃሶ ኤምኤ (የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ይሁን፤ ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጎማው ሳይሞቅ የፊቱን 36፣ የኋላውን 42 ፒኤስአይ ይንፉ። የካቴናው ልልነት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል።

ከ2008 ሞዴል ጀምሮ መሪው ላይ የጉልበት መምረጫ ቁልፍ አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱን በሚቀንሰው ቢ ላይ ያድርጉት። መታጠፊያ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ ዓይንዎን መውጫው ላይ ያድርጉ፣ ነዳጁንም በዝግታ እየጨመሩ ይውጡ። መሐል ላይ ደንግጦ ነዳጅ መልቀቅ ክብደቱን ሁሉ በታጠፈው የፊት ጎማ ላይ ይጥለዋል። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን መያዣ ወደ ፊት ይግፉ፤ በፍጥነት ሲሄዱ ሞተርሳይክል የሚታጠፈው እንዲህ ነው።

ፍሬን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ይለማመዱ። በሰዓት 25 ማይል እየሄዱ የፊቱን ፍሬን መጀመሪያ በስሱ ይያዙ፤ ሾኩ ሲወርድና ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ሲሰማዎት እየጨመሩ ይጭመቁ። በአንዴ ጨብጠው ከያዙት ጎማው ክብደት ሳያርፍበት ይቆለፋል፣ ኤቢኤስ ስለሌለም የሚለቅልዎት የለም። ከተቆለፈ እጀታውን ወዲያው ይልቀቁና እንደገና በስሱ ይጀምሩ። መሬቱ ደረቅ ሳለ እጅዎ ሲለምድ ፍጥነቱን ወደ 40 ማይል ያሳድጉ።