ኮርኒስ ሲወድቅ ከቤት ኢንሹራንስ ጋር እንዴት ይሠራል (አሜሪካ ቤት ላላችሁ)

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የራሳቸው ቤት ላላቸው ነው። ተከራይ ከሆኑ ኮርኒሱን የሚያሠራው ባለቤቱ ነው፤ የእርስዎ የተከራይ ኢንሹራንስ የሚመለከተው የተበላሸ ዕቃዎንና ቤቱ መኖሪያ ካልሆነ ሌላ ቦታ የሚያድሩበትን ወጪ ነው። ኮንዶ ከሆነ ለማኅበሩም ለራስዎ ኢንሹራንስም በዚያው ቀን ያሳውቁ፤ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ የሚወስነው የኮንዶው መተዳደሪያ ደንብና የስቴቱ ሕግ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው አራት በስምንት ጫማ ድራይዎል (ኮርኒሱ የሚሠራበት የጂፕሰም ሰሌዳ) ደረቁን 50 ፓውንድ ግድም ይመዝናል፤ አምስት ስምንተኛ ኢንች የሆነው ደግሞ ወደ 70 ይጠጋል። ውሃ ሲጠጣና ከላዩ ያለው ኢንሱሌሽን ሲርስ ክብደቱ እጅግ ይጨምራል። አንዱ ሲወድቅ የጎረቤቱን ሚስማር አላልቶት ስለሚሄድ፣ «የቀረው ደህና ነው» ብሎ ከሥሩ መቆም አደጋ አለው።

ውሃ የሚፈስ ከሆነ ዋናውን መዝጊያ ይዝጉ። ቤዝመንት ባለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቧንቧው ከመንገድ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ነው። የክፍሉን ብሬከር ያጥፉ፤ የብሬከር ሳጥኑ ራሱ ከራሰ ወይም ወለሉ ላይ ውሃ ከቆመ ግን አይንኩት፣ ለመብራት ኩባንያው ይደውሉ። ኮርኒሱ ገና ሳይወድቅ እንደ ሆድ ከተነፋ ከዳር ቆመው በረጅም ዕቃ ትንሽ ቀዳዳ ያብጁና ውሃውን በባልዲ ይቀበሉ። ሳይበሳ ከቀረ ሰፊ ቦታ ይዞ ይወርዳል።

ከ1980 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ፣ በተለይ ኮርኒሱ እንደ ፋንዲሻ ጎርበጥበጥ ያለ ዓይነት ከሆነ፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ይችላል። በመጥረጊያም በተራ ቫኪዩም ክሊነርም አይጥረጉት። በሩን ይዝጉ፣ የማሞቂያውን አየር ያጥፉ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይታይ። ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረውም ይችላል፤ ሕፃናት አይጠጉ።

ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ፣ ሳይጥሉ ያስቀምጡ

ክሌሞች (ለኢንሹራንስ የሚቀርቡ የክፍያ ጥያቄዎች) በብዛት የሚበላሹት እዚህ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ቤቱ ይጸዳል፣ ፍርስራሹ በከረጢት ይወጣል፣ ቧንቧ ሠራተኛው የተሰበረውን ቁራጭ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የወደቀበትን ምክንያት የሚያሳይ ነገር አይቀርም።

መጀመሪያ ከክፍሉ አራት ማዕዘን ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ቀረብ ብለው። አስቤስቶስ የማያሰጋ ከሆነ የወደቀውን ቁራጭ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። አንድ ወጥ የሆነ እርጥበት፣ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ውሃው የቅርብ ጊዜ መሆኑን ይነግራል። ቡናማ ቀለበት በቀለበት ላይ ከተደራረበ፣ ልክ የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደሚታየው፣ ረጥቦ ደርቆ ተመልሶ ረጥቧል ማለት ነው። ሚስማሩም ይናገራል፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ዝጎ ራሱ ከተበላ ሌላ። አጀስተሩ፣ ማለትም ጉዳቱን የሚመረምረው የኢንሹራንሱ ሰው፣ ሲመጣ የሚያነበው ይህንኑ ስለሆነ እርስዎ ቀድመው ይወቁት። ከእድፉ መሃል አንድ፣ ከደረቀው በኩል አንድ ቁራጭ ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጡ። የፈነዳውን ቱቦ፣ የልብስ ማጠቢያውን ጎማ፣ የተሰበረውን መገጣጠሚያ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ቀን ይጻፉበት።

ኮርኒሱን የጣለው ምንድን ነው?

የተለመደው የቤት ፖሊሲ ኤችኦ-3 ይባላል። ሕንፃውን የሚሸፍነው በግልጽ ካልተከለከለ በቀር ለማንኛውም አደጋ ነው፤ ዕቃዎን የሚሸፍነው ግን በስም ለተዘረዘሩ አደጋዎች ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ክሌም ኮርኒሱ ተከፍሎ ከሥሩ የነበረው ሶፋ ሊቀር ይችላል።

ቧንቧ በድንገት ከፈነዳ፣ የፎቁ ገንዳ ከሞላ፣ የማጠቢያ ማሽን ጎማ ከተቀደደ፣ በአብዛኛው ይሸፈናል። የተሰበረው ቧንቧ ዋጋ አይከፈልም፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግድግዳና ወለል የተከፈተበት ግን ይከፈላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አጀስተሩም ሁልጊዜ አይነግርዎትም። ለሳምንታትና ለወራት ጠብ ጠብ ሲል የቆየ ውሃ አብዛኞቹ ፖሊሲዎች ውስጥ ተከልክሏል። ነፋስ ወይም በረዶ ጣሪያውን ከፍቶት ዝናብ ከገባ ይሸፈናል፤ ጣሪያው ያፈሰሰው በእርጅና ከሆነ የጣሪያው ዋጋ የእርስዎ ነው፣ ከታች የደረሰው ጉዳት ግን እንደ ፖሊሲው ቃል ይለያያልና «አይሸፈንም» ብለው ራስዎ አይተዉት።

ውሃ ሳይኖር ሲወድቅ ነው ከባዱ። ብዙ ፖሊሲዎች «ኮላፕስ» የሚል የተለየ ክፍል አላቸው። ትርጉሙ ሕንፃው ወይም ከፊሉ በድንገት ወድቆ ለታሰበለት አገልግሎት መዋል ሲያቅተው ነው፤ መንስኤውም ከዓይን የተሰወረ መበስበስ፣ ከዓይን የተሰወረ የምስጥ ጉዳት፣ ወይም ከላይ የተጫነ ዕቃ ክብደት የመሳሰለው መሆን አለበት። ባለቤቱ ቀድሞ ካወቀው አይሆንም። የጎበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሊወድቅ ያለ ኮርኒስ በዚህ ክፍል «ወደቀ» አይባልም። በአሮጌ ቤት ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ የተለሰነ ኮርኒስ መያዣው ረግፎ ሲወድቅ፣ ወይም ድራይዎሉ ሲሠራ ሚስማር አንሶት ሲወድቅ፣ «እርጅና ነው»፣ «የሥራ ጉድለት ነው» የሚል መልስ የሚመጣው ለዚህ ነው። አቲክ (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ) ላይ ሳጥን ተከምሮ ከነበረ ወይም እንጨቱ ውስጡ በስብሶ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከመጠገኑ በፊት ወደ ላይ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

በመሆኑም ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ወይም ጣሪያ ሠሪ ከፍለው አንድ ገጽ ያጽፉ፦ ምን ተሰበረ፣ የት ላይ፣ በምን ምክንያት፣ በእሱ አስተያየት ከመቼ ጀምሮ። «ሊክ ተጠገነ» ብቻ የሚል ደረሰኝ አይረዳም።

ከመደወልዎ በፊት

ዲዳክተብልዎን፣ ማለትም ከጉዳቱ ዋጋ ከኪስዎ የሚሸፍኑትን ድርሻ፣ ይመልከቱ። ጥገናው 1,800 ዶላር፣ ዲዳክተብሉ 1,500 ከሆነ የሚያገኙት 300 ነው፤ ክሌሙ ግን ኢንሹራንሶች በጋራ በሚያዩት መዝገብ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህን ሲያሰሉ የማይታየውን አይርሱ፦ የራሰ ኢንሱሌሽን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከሥሩ ያለ የእንጨት ወለል፣ የአስቤስቶስ ምርመራ። 1,800 የመሰለው 9,000 ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተጠራጠሩ ወይም ሰው ከተጎዳ ያሳውቁ።

ሲደውሉ የክሌም ቁጥር፣ የአጀስተሩን ስምና ኢሜይል ይያዙ፤ የተባባሉትን በዚያው ቀን በኢሜይል ይላኩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ብዙ ኩባንያዎች በስልክ ያቀርባሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ለዚህ ምክንያት አለን። «ውሃው መቼ ጀመረ?» ሲባል በእኛ ቋንቋ «ድሮም እዚያ ጋ ትንሽ ነገር ነበረ» ማለት ቀላል ነው፤ ምናልባት ከመግዛታችን በፊት የነበረ፣ ደርቆ ቀለም የተቀባ እድፍ ማለታችን ነው። ኢንሹራንሱ በሚቀዳው ቃልዎ ላይ ግን «ለዓመታት ሲያፈስ ነበር» ተብሎ ይገባል፣ ክሌሙም በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወድቃል። እውነቱን በልኩ ይናገሩ፦ ያዩትን፣ ያዩበትን ቀን። ያላዩትን አይገምቱ፤ ሲጠየቁ «አላውቅም» ትክክለኛ መልስ ነው።

አጀስተሩ እስኪመጣ ድረስ

ፖሊሲው ጉዳቱ እንዳይብስ የመከላከል ግዴታ ይጥልብዎታል። ጣሪያው ላይ ሸራ፣ የራሰውን ምንጣፍ ማንሳት፣ ማድረቂያ ማሽን። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ብዙ ፖሊሲዎችም ለሻጋታ የሚከፍሉት እስከ 5,000 ወይም 10,000 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ማድረቁን አጀስተር እስኪመጣ አያቆዩት፤ ቋሚ ጥገናውን ግን ሳይታይ አይጀምሩ። አድራቂው ድርጅት በየቀኑ የለካውን የእርጥበት መዝገብ ይጠይቁ። እርጥብ እንጨት ላይ ድራይዎል ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ሽታው ይመጣል፣ ያኔ ግን አዲስ ክሌም ነው። የኢንሹራንስ መብትዎን ለሠራተኛው የሚያስተላልፍ ወረቀት በዚያ ግርግር መሃል አይፈርሙ።

ግምቱና ገንዘቡ

አጀስተሩ ሲመጣ ቤት ይሁኑ፤ የኮንትራክተርዎንም ዝርዝር ግምት ያቅርቡ። በጥድፊያ ከሚዘለሉት ውስጥ ኢንሱሌሽኑ፣ ኮርኒሱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መቀባቱ (ቁራጩን ብቻ ቢቀቡት ይታያል)፣ የድሮውን ቅርጽ ማመሳሰሉ፣ ዕቃ ማንቀሳቀሱ፣ ፍርስራሽ መጣያውና ፈቃዱ ይገኙበታል። የተረሳውን በጽሑፍ «ሰፕልመንት» ብለው ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ግምት የመጨረሻ አይደለም።

የመጀመሪያው ቼክ ትንሽ ሲሆን አይደንግጡ። ጥገናው 9,000 ዶላር ቢገመት፣ ለእርጅና 2,500 ቢቀነስና ዲዳክተብሉ 1,000 ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚመጣው 5,500 ነው። ፖሊሲዎ የመተኪያ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ 2,500ው ሥራው አልቆ ደረሰኙ ሲቀርብ ይለቀቃል። ይህን የሚጠይቁበት ቀነ ገደብ አለ፤ በብዙ ፖሊሲዎች አደጋው ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሰዎች ሥራውን አስጨርሰው ይህን ገንዘብ ሳይጠይቁት ይቀራሉ።

ሞርጌጅ ካለብዎ ቼኩ ላይ የባንኩም ስም ይኖራል። ባንኩ ፈርሞ እስኪመልስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቼኩ ከመምጣቱ በፊት ደውለው የሚፈልጓቸውን ወረቀቶች ይወቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት አዳሹ የስቴቱ ፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቀብድም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። «ሁሉንም አምጡና ዕቃ ልግዛ» የሚልን፣ ዘመድ ቢሆንም፣ እሺ አይበሉ።

ሌላ ቦታ ካደሩ የሚከፈለው ከወትሮው በላይ የወጣው ነው። በሳምንት ለምግብ 200 ያወጣ ቤተሰብ ኩሽና በሌለው ሆቴል 350 ካወጣ፣ የሚጠየቀው 150 ነው። የወትሮውን ወጪ በባንክ መግለጫ ያሳዩ።

አይከፈልም ሲባል

ውድቅ ያደረጉበትን የፖሊሲ አንቀጽ በቃሉ ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲሰጡዎት፣ የተረጋገጠ ሙሉ የፖሊሲ ቅጂም እንዲልኩ ይጠይቁ። አንቀጹን ከቧንቧ ሠራተኛው ደብዳቤና ካስቀመጡት ቁራጭ ጋር ያስተያዩ። «ለረጅም ጊዜ ያፈሰሰ ነው» ካሉና ጀርባው አንድም ቀለበት ከሌለው፣ ፎቶውን አያይዘው ዳግም ምርመራ ይጠይቁ።

ጠቡ በዋጋ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙ ፖሊሲዎች «አፕሬዛል» የሚባል መንገድ አላቸው፦ ሁለቱም ወገን በ20 ቀን ውስጥ ገማች ይመርጣሉ፣ ገማቾቹ ካልተስማሙ ዳኛ የሚሆን ሦስተኛ ሰው ይገባል። የእርስዎን ገማችና የዳኛውን ግማሽ የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ ለትንሽ ልዩነት አያዋጣም። ለኩባንያው ሳይሆን ለእርስዎ የሚሠራ ፈቃድ ያለው የግል አጀስተርም አለ፤ ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ ይወስዳልና ከመፈረምዎ በፊት መቶኛው ቀድሞ በቀረበው ገንዘብ ላይም ይቆጠር እንደሆነ ይጠይቁ።

አቤቱታ በነጻ የሚቀርበው ለስቴቱ ነው፦ በሜሪላንድ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ ለስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መሥሪያ ቤት። ኩባንያው ለእነሱ በጽሑፍ መመለስ አለበት። አቤቱታው እየታየ ሳለ ግን የክስ ጊዜው አይቆምልዎትም፤ ፖሊሲው ውስጥ ስለ ክስ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገው የመጨረሻውን ቀን ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ።