ሲኒና ቁልፍ ስታንቀሳቅሱ ምስሉ እንዳይዘል

ሲኒ፣ ቁልፍ፣ ክብሪት ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሳችሁና በየንቅናቄው ፎቶ እያነሳችሁ በስልክ አጭር አኒሜሽን የምትሠሩ፣ ምስሉ እየዘለለ አስቸግሯችኋል? ጥፋቱ የሲኒው አይደለም። ፎቶ ለማንሳት ስክሪኑን በነካችሁ ቁጥር ስልኩ ትንሽ ይነቃነቃል። በሰከንድ 12 ፎቶ ስትደረድሩ ያቺ ትንሽ ንቅናቄ መንቀጥቀጥ ሆና ትወጣለች።

መላው ያ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ባለገመድ ኢርፎን ነው። ሰኩት፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ የኢርፎኑ ገመድ ላይ ያለችውን የድምፅ መጨመሪያ ተጫኑ። ብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ ታነሳለች። እጃችሁ ስልኩ ጋ አይደርስም ማለት ነው። ገመዱን ግን ላላ አድርጉት፤ ከተወጠረ ስልኩን ይጎትተዋል።

እግረ መንገዳችሁን፣ ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። መጋረጃ ዘግታችሁ በአምፖል ሥሩ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር የመስኮት ብርሃን ይለዋወጣል። ደማቅ ልብስም ይቅርባችሁ፤ ቀለሙ ሲኒው ላይ ይንጸባረቃል። የሚያብለጨልጭ ሲኒ ላይ ቀይ ሹራብ ምን እንደሚሠራ በራሴ አይቻለሁ!

ብሉቱዝ ኢርፎን አንዳንዴ አይታዘዝም። ያኔ የካሜራውን ታይመር ተጠቀሙ፤ ከነካችሁት በኋላ ስልኩ እስኪረጋ ጊዜ ያገኛል። ስልኩን በእጅ ይዛችሁ፣ ሆን ብላችሁ እያንቀጠቀጣችሁ የምታነሱ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም።