በድንግዝግዝ ብርሃን ለአደን ባይናኩላርን መጠቀም

ብዙ የዱር እንስሳት ለግጦሽ የሚወጡት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ በመሆኑ፣ አዳኙ ባይናኩላሩን (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን የሁለት ዓይን መነጽር) አጥብቆ የሚፈልገው ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከማጉላት አቅሙ ይልቅ ወደ ዓይን የሚያደርሰው የብርሃን መጠን ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

በመሣሪያው ላይ እንደ 8×42 ያሉ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የማጉላት አቅሙን፣ ሁለተኛው የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል፤ በዚህ ስሌት 10×42 4.2፣ 8×42 5.25፣ 8×56 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። መሣሪያውን ከፊትዎ አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ (ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ አይሁን) ቢያዞሩት፣ ይህ ክብ በመመልከቻው መሐል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ስፋቱ እየቀነሰ ስለሚሄድና ከብሌኑ የሚሰፋው የብርሃን ክብ ትርፉ ወደ ዓይን ስለማይገባ፣ በዕድሜ የገፋ አዳኝ ከከባዱ 8×56 ሙሉውን ጥቅም ላያገኝ ይችላል። በእኔ እምነት በእግር ለሚጓዝ ሰው፣ ሌንሶቹ ነጸብራቅን በሚቀንስ ድርብርብ ሽፋን የተቀቡ እስከሆኑ ድረስ፣ 8×42 የተሻለ ምርጫ ነው።

ማስተካከያውን ገና ብርሃን ሳለ ይጨርሱ። የቀኙን ፊተኛ ሌንስ ሸፍነው በግራ ዓይን ብቻ አንድ ሩቅ ቅርንጫፍ እያዩ በመሐለኛው ማዞሪያ ያጥሩት፤ ከዚያም ግራውን ሸፍነው ያንኑ ቅርንጫፍ በቀኝ ዓይን እያዩ፣ መሐለኛውን ሳይነኩ፣ የቀኙን መመልከቻ ቀለበት ያስተካክሉ።

ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ማየት ይህን ልምምድ ስለሚያበላሸው፣ ብርሃን የግድ ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ ይጠቀሙ። ክርንዎን በጉልበትዎ ላይ አስደግፈው የጫካውን ዳርቻ ቀስ ብለው ይቃኙ፤ ሙሉ እንስሳ ከመፈለግም ጆሮን፣ የእግርን መስመር ወይም በቆሙ ግንዶች መካከል አግድም የተዘረጋ ጀርባን ይፈልጉ። ጥርጣሬ ያሳደረብዎትን ጥላ በቀጥታ አያፍጥጡበት፤ ትንሽ ወደ ጎኑ ቢያዩ፣ ለደብዛዛ ብርሃን የተሻሉት የዓይን ሕዋሳት ከማዕከሉ ውጭ ስለሚበዙ፣ ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል።

የጠመንጃን ማነጣጠሪያ መነጽር ለፍለጋ መጠቀም አፈሙዙን ወዳልታወቀ ነገር፣ ምናልባትም ወደ ሰው፣ ማዞር ስለሆነ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ሕጉ የፈቀደው ሰዓት ገና ባያልፍም እንኳ የእይታ ወሰን መኖር አለበት፤ ቀድመው ርቀቱን ያወቁትን አንድ ቁጥቋጦ ይምረጡ፣ ቅርንጫፎቹን በባይናኩላር መለየት ሲያቅትዎም በዚያ ርቀትና ከዚያ ባሻገር ያለ እንስሳ ላይ አይተኩሱ።